ቀለም የማይሸፍነው ስፌት

የእንግሊዟ ኖቲንግሃም በዳንቴልና በሮቢን ሁድ ተረት ትታወቃለች። የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ወዳጆች ግን ከተማዋንና አካባቢዋን «የእርሳስ ቀበቶ» ይሏታል። ጌምስ ወርክሾፕን ጨምሮ ትንንሽ የጦር ምስሎችን የሚቀርጹና የሚያመርቱ ብዙ ድርጅቶች የተሰባሰቡት እዚያ ነውና። ምስሎቹ ሚኒየቸር ይባላሉ። የተለመደው መጠናቸው 28 ሚሊሜትር ሲሆን የሚለካውም ብዙ ጊዜ ከጫማ እስከ ዓይን ነው። ከነጋሻው፣ ከነቀበቶው ዘለበት፣ ከነጥርሱ የተቀረጸ ሙሉ ወታደር በአንድ አውራ ጣት ይሸፈናል። ገዢው የሚረከበው ሳይቀባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይገጣጠም። ማጽዳቱ፣ መግጠሙና መቀባቱ የራሱ ፋንታ ነው። ከዚያ በኋላ ነው በሜትርና በዳይስ ወደ ጠረጴዛው ጦርነት የሚዘምተው። ብዙዎቹ ገዢዎች ግን እንኳን ሊዘምቱ የመጀመሪያውን ሳጥን እንኳ ቀብተው አልጨረሱም።

ጨዋታው ራሱ የቆየ ነው። የሳይንስ ልብወለድ ጸሐፊው ኤች ጂ ዌልስ በ1913 «ሊትል ዋርስ» የተባለ መጽሐፍ አሳትሞ በአሻንጉሊት ወታደር ለሚዋጉ ሰዎች ሕግ ደንግጎላቸዋል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያሉ ወታደሮች የረከሱት የለንደኑ ዊልያም ብሪተን ድርጅት በ1893 ባመጣው ዘዴ ነበር። የቀለጠ እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይጨመራል፤ ዳር ዳሩ ሲጠጥር ገና ያልረጋው መሃሉ ተመልሶ ይደፋል፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ወታደር ይቀራል። ጨዋታው የዛሬውን መልክ የያዘው ግን በ1970ዎቹ ነው። በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው ጨዋታ በአሜሪካ ወጣ፣ በ1975 ጌምስ ወርክሾፕ በለንደን ተቋቋመ፣ በ1979 የምስል አምራቹ ሲታደል ሚኒየቸርስ ተከተለ፣ በ1983 ዋርሃመር የተባለው ጨዋታ መጣ። በ1987 የጠፈሩ ጦርነት ዋርሃመር 40,000 ታተመ፤ በዚያው ዓመት ጎልደን ዲመን የተባለው የሚኒየቸር ቅብ ውድድር ተጀመረ። የውድድሩ ታላቅ ሽልማት ሰይፍ ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ይብቃን።

የብረት ምስል የሚወለደው በሁለት ክብ የላስቲክ ሳህኖች መካከል ነው። ቀራጩ በእጁ የሠራው ናሙና በጥሬ ላስቲኮቹ መካከል ይቀመጥና በሙቀትና በግፊት ይታመቃል። ላስቲኩ ሲበስል የናሙናውን መልክ ግማሹን ከላይ፣ ግማሹን ከታች ይዞ ይቀራል። ከመሃል ወደ ዳር የብረት መሄጃ ቦይ፣ ለአየሩም ቀጫጭን መተንፈሻ በቢላ ይቀደድለታል። ሳህኖቹ ተገጥመው ሲሽከረከሩ የቀለጠው ብረት በመሃል ይንቆረቆራል፤ ሽክርክሪቱም ወደ ዳር እየገፋ እስከ ጣት ጫፍና እስከ ጦር ጫፍ ያደርሰዋል። የዛሬው ብረት በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ንጹሕ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ላስቲኩ ሙቀቱን ይችለዋል።

በሰም ተቀርጾ የሚወጣ የኢትዮጵያ መስቀል የመገጣጠሚያ መስመር አይኖረውም። ሰሙን የሸፈነው ጭቃ ብረቱ ከረጋ በኋላ ተሰብሮ ይጣላል፤ ለአንድ መስቀል አንድ ጭቃ ነው። የላስቲኩ ሳህን ግን ተከፍቶ እንደገና ማገልገል ስላለበት ሁለት ከንፈር ሊኖረው ግድ ነው። ከንፈሮቹ የሚገናኙበት ቦታ በምስሉ ላይ ከራስ ቅል እስከ ተረከዝ የሚወርድ ቀጭን ስፌት ይተዋል። ሳህኑ ባረጀ ቁጥር ስፌቱ ይወፍራል። ከንፈሮቹ በደንብ ካልገጠሙ ብረቱ በመካከል ይሾልክና እንደ ቅጠል የሳሳ ትርፍ በብብትና በእግር መሃል ይወጣል። ሁለቱ ሳህኖች ጎንና ጎን ከተንሸራተቱ ደግሞ የወታደሩ የግራ ፊት ከቀኝ ፊቱ ዝቅ ብሎ ይወለዳል። አየር መውጫ ካጣ አፍንጫው ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ብረቱ ከቀዘቀዘ ጣቱ ሳይሞላ ይቀራል።

ጀማሪው ይህን ሁሉ አይቶ «ቀለም ይሸፍነዋል» ይላል። የዚህ ሙያ ትልቁ ስሕተት እሱ ነው። ምክንያቱ ያለው አቀባቡ ላይ ነው። በዚህ ሙያ ግማሹን ሥራ የሚሠሩት ሁለት ዘዴዎች ናቸው። አንደኛው ጠቆር ያለ እጅግ የቀጠነ ቀለም በምስሉ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ወደ ጎድጓዳው ወርዶ ጥላ ይሠራል። ሁለተኛው ብሩሹን ነጣ ባለ ቀለም ነክሮ በጨርቅ ላይ እስኪደርቅ መጥረግና ከዚያ በምስሉ ላይ ቶሎ ቶሎ ማመላለስ ነው፤ ብሩሹ ላይ የቀረችው ቅንጣት ቀለም ከፍ ያለውን ሁሉ ታበራለች። ሁለቱም ዕውሮች ናቸው። ቀራጩ አስቦ ያወጣውን የካባ እጥፋትና ላስቲኩ ሳይታሰብ የተወውን ስፌት አይለዩም። ያልተፋቀ ስፌት በደረቁ ብሩሽ ሲነካ ጀርባ ላይ የነጣ መስመር ይሆናል፤ የፈሰሰው ጥላ ደግሞ በግራና በቀኙ ተኝቶ እንደ ጠባሳ ያጎላዋል። ከመቀባቱ በፊት የማይታየው ነገር ከተቀባ በኋላ ከክፍሉ ጥግ ይታያል።

ሒሳቡም ይህንኑ ይላል። 28 ሚሊሜትር ምስል ከሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 60 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ስፌቱ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ በእውነተኛ ሰው ልክ 12 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው እባጭ ግንባሩን ለሁለት ከፍሎ ወርዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በመብራት ነው። አምፖሉን ከጎን አድርጎ ምስሉን ቀስ እያሉ ማዞር፣ ዓይን የሚጠራጠረውን በጥፍር መፈተሽ። ጥፍር ከዓይን ይበልጣል። መፋቂያው ምላጭ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጀርባው ነው። ስለቱ ወደ ውስጥ ነክሶ አዲስ ቁስል ይከፍታል፤ ጀርባው በስፌቱ ርዝመት ሲሳብ ትርፉን እየላገ ያነሣል። ለጎራዴና ለጋሻ ደቂቅ ሞረድ፣ ለማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀት ይከተላል። ጸጉርና ፀጉራም ካባ ላይ ልሙጥ አድርጎ መፋቅ ጉዳቱ ይብሳል፤ ስፌቱ ከተነሣ በኋላ የጸጉሩን ጭረት በስለቱ እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። የብረት ጥልፍ ልብስ የለበሰ ወታደር ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ይስጥህ ነው የሚባለው።

አየር የተወውን ቀዳዳና ሌላውን ጎድጓዳ የሚሞላው ስቱኮ ነው፤ ለዚህ ሥራ የተለመደው ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ጎን ለጎን ተጣብቆ ይሸጣል፤ ሁለቱ ሲታሹ አረንጓዴ ይሆናሉ። በእጅ የሚቀርጹ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ናሙናውን የሚሠሩት በዚሁ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከማሸታቸው በፊት ሁለቱ የሚነካኩበትን መሃሉን ቆርጠው ይጥላሉ፤ እዚያ ጋ ተገናኝተው ስለደረቁ ፍርፋሪ ይገባበታልና። ጣትም መሣሪያም በውኃ መራስ አለበት፣ አለዚያ ከምስሉ ይልቅ በእጅ ላይ ይጣበቃል። ለአንድ ሰዓት ያህል ይታዘዛል፤ በማግሥቱ ጠጥሮ ይገኛል። ችግሩ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ መሆኑ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል እንጂ አያለሰልሰውም። ስለዚህ ልሙጥ መሆን ያለበትን ቦታ ገና እርጥብ ሳለ ማለስለስ ወይም ከነጭራሹ እንደ ድንጋይ የሚጠጥረውን ሌላ ዓይነት መምረጥ ይሻላል። እኔ ሁለቱን ዓይነት አደባልቀው ከሚሠሩት ጋር ነኝ። የመርፌ ጫፍ ለምታክል ቀዳዳ ግን ስቱኮ ማሸት ትርፍ ድካም ነው፤ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ይበቃታል።

የጠመመ ወይም ያልሞላ ጦርን ማቃናት ከንቱ ነው። ቆርጦ መጣልና በእጅ መሰርሰሪያ መዳፉን በስቶ ቀጥ ያለ ሽቦ ማስገባት ነው። የሽቦው ጫፍ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ይሰፋል፣ በሞረድ ሲሳል የጦር ምላስ ይሆናል፤ ከፋብሪካው የተሻለ ጦር ይወጣዋል። ከባድ የብረት ክንፍም በሙጫ ብቻ አይቆምም። በሁለቱም በኩል ተበስቶ በመሃል ሽቦ ይገባለታል። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት እንዲገጥሙ በአንዱ ላይ እርጥብ ቀለም ጠብ አድርጎ ሌላውን መጫን ነው፤ የታተመው ነጥብ የት እንደሚበሳ ያሳያል። ፊቱ ለሁለት የተንሸራተተ ምስልን ግን ፍቆ ማዳን አይቻልም። ሻጩ እንዲለውጠው መጠየቅ፣ ወይም የራስ ቁር ደፍቶለት ከኋላ ረድፍ ማሰለፍ ነው።

ጉድለቱ እንደ ማቴሪያሉ ይለያያል። እርሳስ ለመቅረጽም ለመፋቅም እሺ ባይ ነበር፤ ነገር ግን መርዝ ነው። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሕግ ግፊት ሲበረታ አምራቾቹ ወደ ቆርቆሮ ዞሩ። ቆርቆሮው ጠንከር ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ስለሚገባ ስፌቱ ቀጭን ነው፤ ይሁንና ብረት እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይለቅምና አንድ ሰው በእጅ፣ በእግር፣ በራስ ተከፋፍሎ ይመጣል። የፕላስቲኩ ማጣበቂያ የሁለቱን ገጽ አሟምቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ የመጋጠሚያው ክፍተት በራሱ ፕላስቲክ ሊሞላ ይችላል። ብልሆቹ ከሳጥኑ የተረፈውን ፍሬም ቆራርጠው በማጣበቂያው ጠርሙስ ውስጥ ያሟሙትና እንደ ስቱኮ ይቀቡታል።

ፈሶ ሲደርቅ የሚጠጥረው ሬዚን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ በ2011 ብዙዎቹን የብረት ምስሎች ፋይንካስት በተባለ ሬዚን ሲተካ የቅርጹ ጥራት ተመሰገነ፤ ገዢዎች ግን አረፋ የበላው አፍንጫና የጎደለ ጣት እየያዙ አቤቱታ አበዙ። ሬዚን በጠባዩ ይጠማል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይለዝባል፣ ተቃንቶ በቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ በዚያው ይጸናል። ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት ስለሚቀርበት በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ካልታጠበ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ብናኙ ለሳንባ አይበጅም፤ ብርጭቆ ወረቀቱን አርሶ፣ አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ይገባል። አሁን አሁን ሰዎች በቤታቸው ማተሚያ የራሳቸውን ምስል በሬዚን ያትማሉ። ስፌት የለውም፣ በምትኩ ምስሉን ደግፈው ያቆዩት ዘንጎች ሲነቀሉ ጠቃጠቆ ይተዋሉ፣ ንብርብሩም እንደ እርከን ይታያል። ደረቁ ብሩሽ እነዚህንም አይምርም።

ጽዳቱ ካለቀ ስስ ፕራይመር ይረጫል። ዋና ጥቅሙ ቀለሙን ማያያዝ ነው። ሌላም አለው፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የተሸሸገው ስፌት በአንድ ወጥ ግራጫ ላይ ራሱን ያጋልጣል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ግራጫ ይረጫል፣ ያያል፣ ይፍቃል፣ መልሶ ይረጫል። ከሩቅ በጠራራ ሙቀት ከተረጨ ግን ጠብታው አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ያርፋል፤ ያ ሁሉ መፋቅ በአንድ ትንፋሽ ይበላሻል።

የቀረው የቅብ ሥራ ነው፤ ስለሱ ብዙ ይባላል፣ ዋናው ግን አጭር ነው። ቀለሙ በውኃ ይቅጠን፣ ከአንድ ወፍራም ሁለት ስስ ይደረብ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይነካ። ወፍራም ቀለም ስፌቱን ሳይሸፍን ቀራጩ የደከመበትን የዓይን ሽፋሽፍት ይሸፍናል። ውድ ብሩሽ የሚገዛው ለስስነቱ ሳይሆን ለጫፉ ነው። በ1866 ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሠራው የዊንሰር ኤንድ ኒውተን ሲሪስ 7 ዛሬም በሚኒየቸር ቀቢዎች እጅ አለ። ጫፉን በምላስ ማሾል የብዙዎች ልማድ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው፣ ድሮ የእርሳስ ወታደር ዳብሶ ለሚቀባ ሰው ደግሞ የባሰ ነበር።

ስድሳ ተራ ወታደር ለሚያሰልፍ ሰው እያንዳንዱን ተረከዝ መፋቅ አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ክርክር አያልቅም። በአንድ ሜትር ርቀት ለሚታይ ጭፍራ ፊት፣ ትከሻና መሣሪያ ከጸዱ ይበቃል እላለሁ፤ ዓይን የሚያርፈው እዚያ ነው። ለውድድር ወይም ለመስታወት ሣጥን የሚቀርብ ጀግና ግን ከጫማው ሥር ጀምሮ መጽዳት አለበት።

ፈጽሞ ባይነኩ የሚሻሉም አሉ። በ1980ዎቹ የወጡ የእርሳስ ምስሎችን የሚሰበስቡ ሰዎች ያልተቀባውን፣ ስፌቱና ትርፉ እንዳለ ያለውን፣ ከእግሩ ሥር ስሙ የታተመበት ምላስ ያልተቆረጠውን ይመርጣሉ። የእነሱ ሥጋት ሌላ ነው። ከኦክ በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ እንጨቱ የሚተነፍሰው አሲድ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል፤ ያንን የሚጠግን ስቱኮ የለም።