ስለ ተሰበረ የሞተር ካንዴላ

ካንዴላ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ሁሉ እሳት የሚያገኝበት ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋራ ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ዳሩ ግን በተሰበረ ጊዜ የሚያወጣው ሰው የቸኮለ እንደ ሆነ ሞተሩን በሙሉ ሊያበላሸው ይችላል። በወረዳው አንድ አውቶሞቢል ብቻ ላለው ሹም፥ ወይም ያትክልት ቦታውን በቤንዚን ውሃ መሳቢያ ለሚያጠጣ ባለ እርሻ፥ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በበጋ ወራት ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ውሃ በሚሻበት ሳምንት መሳቢያው ቢቆም ተክሉ እስኪጠገን ድረስ አይታገሥም። የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ በእጅ ያለው የቤንዚን አውቶሞቢል በሌላ በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ክቡራን ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ነገሩን ተረድተው ነጂዎቻቸውንና መካኒኮቻቸውን በሚገባ ያዝዙ ዘንድ ይህን ጽፈናል።

ካንዴላ ከውጭ የብረት ቀፎ አለው። የቀፎው ታችኛው ክፍል እንደ ብሎን ጥርስ ወጥቶለት ቴስታታ በሚባለው በሞተሩ ራስ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ላይኛው ክፍል መፍቻ የሚይዝበት ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። በቀፎው ውስጥ ነጭ ሸክላ፥ በሸክላውም መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ቀጭን ዘንግ አለ። ብዙ ሺህ ቮልት ኃይል ያለው ኤሌክትሪክ በዘንጉ ጫፍና ከቀፎው በተቆለመመው ጥፍር መካከል ያለውን አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ሲዘል ብልጭታ ይሆናል፤ ቤንዚኑም ይነዳል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እሳት ይጭራል። ሸክላው አሉሚና ከሚባል ማዕድን የተሠራ ስለ ሆነ ከብረት ይጠነክራል፤ ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝ፤ የሚመጣው ጥንቃቄ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

ካንዴላ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ላይ ሳለ ሳይሆን ሲፈታ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይወጣ የቆየ እንደ ሆነ ጥርሱ ይዝጋል፥ የቤንዚን ጥላሸትም ያጣብቀዋል። ቴስታታው አሉሚኒየም፥ ቀፎው ደግሞ ብረት ስለ ሆነ ሁለቱ በእርጥበት እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። ቀድሞ የገጠመው ሰው ከመጠን በላይ አጥብቆት እንደ ሆነ፥ ወይም የሚፈታው ሰው መፍቻውን አጋድሞ እንደ ሆነ፥ ሸክላው ይሰነጠቃል ወይም አንገቱ ይበጠሳል። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መፍታትም የቴስታታውን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

ስብራቱ በታየ ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ሞተሩ እንዳይነሣ፥ በሞተሪኖም ሆነ በገመድ እንዳይዞር ይደረግ። የአውቶሞቢሉ ባትሪ ገመድ ይፈታ። ብዙ ነጂዎች «እስኪ በቀሩት ሲሊንደሮች እስከ ከተማ ልድረስ» ይላሉ። በሲሊንደሩ ውስጥ ስባሪ ወድቆ እንደ ሆነ ግን ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሲመጣ ከቴስታታው ጋራ ይደቁሰዋል፤ የሸክላው ደቃቅም የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭራል። ስባሪ ባይኖርም እንኳ ያልነደደው ቤንዚን የግድግዳውን ዘይት ያጥባል፤ ጭስ የሚያጠራ ዕቃ ባለው አውቶሞቢልም በዚያ ውስጥ እየነደደ ዕቃውን ያቀልጠዋል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ በሌላ መኪና ተጎትቶ ቢሄድ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ስብራቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ይመርመር። ከላይ የሚታየው ሸክላ ብቻ ተሰብሮ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ደኅና ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በመጀመሪያ በጕድጓዱ ውስጥ ያለው ስባሪና አፈር በኮምፕሬሰር ነፋስ ተጠርጎ ይውጣ፤ ይህ ሳይደረግ ካንዴላው ከተፈታ ሁሉም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቀፎው በልኩ በሆነ መፍቻ ቀስ ብሎ ይፈታል።

ሁለተኛው ዓይነት አስቸጋሪ ነው፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ተበጥሶ ከመፍቻው ጋራ ሲወጣ ባለ ጥርሱ ክፍል በቴስታታው ውስጥ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ዝገት የሚያላላ ቀጭን ዘይት ተጨምሮ ሌሊቱን ይደር። የቀረ ሸክላ ቢኖር በፒንሳ ወደ ላይ ይሳብ እንጂ በመዶሻ ወደ ታች አይመታ። ቀጥሎ ፒስተኑ ከመሣሪያው እንዲርቅ ሞተሩ በእጅ በዝግታ ዞሮ ፒስተኑ ዝቅ ይበል፤ በመጀመሪያ ግን ወደ ውስጥ የወደቀ ነገር አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከዚያም ግራ ጥርስ ያለው ሾጣጣ ማውጫ፥ ብናኙን እንዲይዝ በግራሶ ተቀብቶ፥ በቀፎው ውስጥ ይገባና ወደ ግራ ይዞራል። ማውጫው በብርቱ መዶሻ ከተመታ ቀፎውን አስፍቶ ይበልጥ ያጣብቀዋልና ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀፎው ጥቂት ዞሮ ከጠበቀ ወደ ኋላ ተመልሶ፥ ዘይት ተጨምሮበት፥ ወዲያና ወዲህ እየተባለ ይውጣ። በመውጣቱ የቴስታታው ጥርስ ተበልቶ እንደ ሆነ ቀዳዳው ሰፍቶ የብረት ልባስ ሊገባለት ይችላል፤ ስለዚህ ቴስታታው በሙሉ ይለወጥ ለሚል መካኒክ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

ይህ ችግር ያረጀ አውቶሞቢል ብቻ የሚያገኘው አይደለም። የአሜሪካው ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2008 በሠራቸው የጭነት መኪኖች 5.4 ሊትር ሞተር ላይ፥ ካንዴላው ከሁለት የተገጣጠመ ስለ ነበረ ቀጭኑ ታችኛ ክፍል በጥላሸት ተጣብቆ ይቀር ነበር። ፋብሪካው ለመካኒኮች የሰጠው መመሪያ ካንዴላው በመጀመሪያ ከሩብ ዙር ባልበለጠ መጠን ብቻ እንዲላላ፥ የካርቡራቶር ማጽጃ እንዲጨመርበት፥ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲቆይና ከዚያ በኋላ ወዲያና ወዲህ እንዲዞር ነው። ፋብሪካው ራሱ ያላፋጠነውን ሥራ ሌላው ማፋጠን የለበትም።

ስባሪ ወደ ሲሊንደሩ መውደቁ ሲያጠራጥር የሚፈርደው ነገር ቁጥር ነው። የተገኘው ስባሪ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ተገጣጥሞ ከአዲስ ካንዴላ ጋራ ይተያይ፤ የጎደለ ከታየ በውስጥ አለ ማለት ነው። ማግኔት ሸክላን ከቶ አይስብም፤ ስለዚህ ማግኔት ምንም አላወጣም ማለት ሲሊንደሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በቀጭን ቱቦ አየር የሚስብ መሣሪያና ጠባብ ካሜራ ያለው ጋራዥ ይሞክር፤ ያ ካልሆነ ቴስታታው ይነሣ። በትንሽ ውሃ መሳቢያ ላይ ግን ቴስታታው ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን ብቻ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ሌላ ዘዴ እየፈለጉ ቀን ከማባከን ወዲያው ማንሣት በእኛ አስተያየት ይቀላል።

አዲሱ ካንዴላ ሲገጠም የሞተሩ መጽሐፍ የሚያዘው ቁጥር ያለው ይሁን። በመጀመሪያ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይጠምዘዝ፤ በጣት የማይገባ ከሆነ ጥርሱ ተዛብቷልና በመፍቻ አይገደድ። ከዚያ ቀለበት ያለው አዲስ ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጥበቅ፤ ቀለበት የሌለው ሾጣጣ ካንዴላ ግን ከአንድ ዙር አሥራ ስድስተኛ እጅ አይለፍ። ብዙዎች በጥርሱ ላይ ግራሶ ይቀባሉ፤ የዛሬው ካንዴላ በኒኬል ስለ ተለበጠ አያስፈልገውም፥ ግራሶውም ሳይታወቅ ከልክ በላይ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። አንዱ ተሰብሮ ከሆነ የቀሩት በአንድ ቀን የተገጠሙ ናቸውና፥ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እነሱም በዚያው ቀን በዘይት ርሰው ይፈቱ።