ፈታይዋ ስትመረጥ ሸማኔው ለምን ተናቀ?

ሰው ለፍቅርም ሆነ ለትዳር ሌላውን ሰው ሲመርጥ መልክና ጠባይ ብቻ አይቶ አይወስንም፤ የሚሠራውንም ሥራ ይመለከታል። ባገራችን ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ «የማን ልጅ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ምን ይሠራል?» መባሉ የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንዱ ሙያ ባለቤቱን ተፈላጊ፥ ሌላው ደግሞ የሚሸሽ የሚያደርገው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ነው። ለዚህም የጥጥን ሥራ እንደ ምሳሌ መርጠናል።

ጥጥ ተለቅሞ ሸማ እስኪሆን ድረስ በሁለት ሰዎች እጅ ያልፋል። ሴቲቱ ጥጡን ትዳምጣለች፥ ታባዝታለች፥ በእንዝርትም ትፈትላለች። ወንዱ ደግሞ ድሩን አድርቶ፥ ከጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ፥ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ይሸምናል። በቀድሞው ዘመን በሰሜኑና በመካከለኛው ያገራችን ክፍል ቀጭን ፈትል የምትፈትል ልጃገረድ «ባለሙያ ናት» ተብላ ትመሰገን ነበር፤ ይህም ስም ባል ያመጣላት ነበር። ከወይዘሮይቱ እስከ ገበሬው ሚስት ድረስ መፍተል ክብር እንጂ ነውር አልነበረም። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ ግን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ ባለ ርስቱም ልጁን ለእርሱ መስጠትን እንደ ውርደት ይቈጥረው ነበር። እንግዲህ ጥጡ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ ሥራው ራሱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ጋሞ ደጋ፥ በጨንቻ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ዶርዜ እንዲመለከት እንጠይቀዋለን። በዶርዜ ሽመና የወንዶች የታወቀ ሙያ ነው፤ ልጅ ካባቱ ይማረዋል፤ ሸማኔ በመሆኑም ሚስት የሚከለከል የለም። በዚያው በጋሞ አገር ግን ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ከሌላው ሕዝብ ጋራ እንዳይጋቡ በልማድ ተለይተው ኖረዋል። ስለዚህ አንዱ መወርወሪያ በአንድ ስፍራ የሚያስከብር፥ በሌላ ስፍራ የሚያስንቅ ከሆነ፥ ክብሩም ንቀቱም ከመወርወሪያው የመጣ አይደለም ማለት ነው።

እኛ እንደሚመስለን ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው መሬት ነው። በርስት በሚኖር ሕዝብ ዘንድ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ርስቶች መገናኛ ነበር፤ ብዙዎቹ የእጅ ሠራተኞች ግን ርስት ስላልነበራቸው ለጋብቻው የሚያመጡት መሬት አልነበረም። ሁለተኛው የሙያው መወረስ ነው። ሙያ ካባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ ለቀጥቃጭ ልጅን መዳር የልጅ ልጆችን ቀጥቃጭ ማድረግ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሌላው ስለማያገባቸውም እርስ በርሳቸው ተጋቡ፤ እርስ በርሳቸው ስለ ተጋቡም «ዘራቸው ልዩ ነው» ተባለ። እንዲህ እያለ ሥራ የነበረው ነገር አጥንት ሆነ። ሦስተኛው እምነት ነው። ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ሰውንም በዓይኑ ይበላል እየተባለ ቀጥቃጩ በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። «ጠይብ» የሚለው ስድብ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል መምጣቱን ስናስብ፥ ጥበብ እንዴት ወደ ነውር እንደ ተለወጠ እንረዳለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ እንደ ነበረ የሚያነብ ሕዝብ በሰፈሩ የሚገኘውን ባለ እጅ መጠየፉም የሚያስደንቅ ነው።

ይህን ንቀት ለማስቀረት መንግሥት ሳይሞክር አልቀረም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት አስቀረ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሰው በዘር ልዩነት ሳይደረግበት የማግባት መብት እንዳለው ደነገገ። የመጀመሪያው ምክንያት፥ ማለት ርስት፥ ከፈረሰ ወዲህ ንቀቱም ወዲያው ሊጠፋ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ቈይቷል። ይህም የሚያሳየን ልብ ከሕግ ዘግይቶ የሚሄድ መሆኑን ነው።

ሙያ ከተፈላጊነት ጋራ ያለው ግንኙነት ባገራችን ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። ዴቪድ ባስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በ33 አገሮች የሚገኙ 37 ኅብረተሰቦችን፥ ከነዚህም ውስጥ ናይጄሪያን፥ ዛምቢያንና ደቡብ አፍሪካን መርምሯል። ከ37ቱ በ36ቱ ሴቶች የወደፊት የትዳር ጓደኛቸው ጥሩ ገቢ የሚያስገኝለት ተስፋ እንዲኖረው ከወንዶች ይልቅ ይፈልጋሉ። ሆኖም ሴቶችም ወንዶችም ደግነትንና ብልኅነትን ከገቢ አስበልጠው ተገኝተዋል። አሊስ ኢግሊና ዌንዲ ውድ የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት ይህንኑ ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. እንደ ገና መርምረው፥ ሴቶች ከወንዶች ጋራ ይበልጥ በተስተካከሉባቸው አገሮች በሁለቱ ምርጫ መካከል ያለው ልዩነት የጠበበ መሆኑን አሳይተዋል። ሴት የራስዋ ገንዘብ ሲኖራት የባልን ሙያ የምትመዝንበት ሚዛን ይለወጣል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ሰው በሌላው ሰው ሙያ የሚሳበው ሥራውን ወድዶ አይደለም፤ ሥራው የያዘውን ተስፋ፥ ማለት ሀብቱን፥ ክብሩንና የልጆቹን ዕጣ አስቦ ነው። ያን ተስፋ ለየሙያው የሚያከፋፍለውም ተፈጥሮ ሳይሆን የኅብረተሰቡ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሰው ሥራ እንደ መሆኑ መጠን ሰው ሊለውጠው ይችላል።

ነገሩም ከእኛ ከተማሪዎች የራቀ አይደለም። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚማር ወጣት በትምህርቱ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ፥ እናቱ ሸክላ ሠሪ መሆንዋ ሲታወቅ የተሰጠው ቃል የሚፈርስበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ አዲሱ ሚዛንና አሮጌው ሚዛን ይጋጫሉ፤ የሚጐዱትም የሚዋደዱት ሁለቱ ልጆች ናቸው። ምናልባትም ወጣቱ ይህን ፈርቶ ያሳደገችውን የእናቱን ሙያ ይደብቃል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታቸው ሲሄዱ፥ በየአገራቸው የትኛው ሙያ ለጋብቻ ይመረጥ እንደ ነበረ፥ የትኛውስ ይሸሽ እንደ ነበረ፥ ስለ ምንም እንደ ሆነ ሽማግሌዎችንና ባለሙያዎቹን ራሳቸውን እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ዶርዜና ሰሜኑ በሽመና ላይ እንደ ተለያዩ ሌሎቹም አውራጃዎች ሳይለያዩ አይቀሩም። ልዩነቱ በጽሑፍ ሲሰበሰብ፥ ከጥንት ጀምሮ በደም የተጻፈ የሚመስለው ነገር የልማድ ሥራ መሆኑን ማንም ሰው አይቶ ሊፈርድ ይችላል።