ጎማ አልባው የፊት መስታወት

በአሜሪካ አሮጌ ፒክአፖችን አድሰውና እንደየፍላጎታቸው ለውጠው የሚነዱ ሰዎች ከሚያደንቋቸው ሥራዎች አንዱ፣ የፊት መስታወቱን ከነባሩ የጎማ ክፈፍ አውጥቶ የውጭ ገጹ በዙሪያው ካለው ላሜራ ጋር እኩል እንዲሆን በማጣበቂያ መግጠም ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ለተመልካች የሚታየው መስታወቱ በመሆኑ ሙያው የመስታወት ገጣሚ ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም ከድካሙ አብዛኛው የሚውለው ላሜራውን በይዶና አስተካክሎ ለመስታወቱ መቀመጫ በማዘጋጀት ላይ ነው።

የለውጡን ምንነት ለመረዳት በቅድሚያ ነባሩን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ሼቭሮሌት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1972 ባመረታቸው ሲ-10 ፒክአፖች ላይ መስታወቱን የሚይዘው ዙሪያውን የሚከበው ወፍራም ጎማ ሲሆን፣ ይህ ጎማ ሁለት ቦዮች አሉት፤ አንደኛው የመስታወቱን ጠርዝ ሲይዝ ሌላኛው የጋቢናውን ክፍተት የሚያዋስነውን የላሜራ ከንፈር ይይዛል። ገጣሚው ጎማውን መስታወቱ ላይ ካለበሰ በኋላ በውጨኛው ቦይ ውስጥ ሲባጎ ዙሪያውን ያስገባል፤ መስታወቱን ከውጭ ክፍተቱ ላይ አስደግፎም ሲባጎውን ከጋቢናው ውስጥ ቀስ በቀስ ሲስበው፣ የጎማው ጠርዝ ከንፈሩን እየተሻገረ ቦታውን ይይዛል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ቻይነቱ ነው፤ ላሜራው መጠነኛ መዛባት ቢኖረው ጎማው ይሸፍነዋል፣ ጋቢናው በጉዞ ላይ ሲወዛወዝም ንቅናቄውን ተቀብሎ መስታወቱን ያድነዋል። ድክመቱ ደግሞ ጎማው በፀሐይ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ሲሄድ ውሃ ማሳለፉ ሲሆን፣ የገባው ውሃ ከጎማው ሥር ስለሚቆይ ላሜራው ከዓይን ተሰውሮ ይዝጋል።

መስታወትን በማጣበቂያ መግጠም በአዳዲስ መኪናዎች ላይ የተስፋፋው ለውበት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1982 የቀረበው አውዲ 100 የጎን መስታወቶቹ ሳይቀሩ ከአካሉ ጋር እኩል እንዲሆኑ በመደረጋቸውና ቅርጹ በጠቅላላው በመስተካከሉ፣ የአየር መጎተት መለኪያው፣ ማለትም አንድ ቅርጽ አየርን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚገጥመውን ተቃውሞ የሚያሳየው ቁጥር፣ ወደ 0.30 ዝቅ ብሏል። ከዚህም ሌላ ዩሬቴን በተባለው ጠንካራ ማጣበቂያ የተያዘ የፊት መስታወት በግጭት ጊዜ ከቦታው በቀላሉ ስለማይነቀል ለጣሪያው ድጋፍ ይሆናል፤ በብዙ መኪናዎችም የተሳፋሪው የአየር ከረጢት ሲነፋ የሚደገፈው በዚሁ መስታወት ላይ ነው።

ይህን አሠራር ወደ አሮጌው ፒክአፕ ለማምጣት የሚነሳ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚገጥመው የልኬት ችግር ነው። የጎማው ውፍረት በመስታወቱና በላሜራው መካከል ቦታ ስለሚይዝ ነባሩ መስታወት ከክፍተቱ ያነሰ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ጎማው ሲወገድ መስታወቱ የሚያርፍበት ነገር አይኖረውም። መፍትሔው ወይ ከክፍተቱ የሚሰፋ መስታወት ማዘጋጀት፣ ወይም በክፍተቱ ዙሪያ አዲስ የላሜራ መደብ መበየድ ነው፤ በሁለቱም መንገድ መደቡ ከውጨኛው ላሜራ ወደ ውስጥ መግባት ያለበት የመስታወቱ ውፍረትና ተጨምቆ የሚቀረው ማጣበቂያ ሲደመሩ በሚሰጡት ልክ ነው። የተጠማዘዘ መስታወት እንደ ላሜራ ስለማይታጠፍ መደቡ የመስታወቱን ቅርጽ መከተል አለበት፤ በአምራቾች መካከል ልዩነት ስለሚኖርም ልኬቱ የሚወሰደው ከሚገጠመው ከራሱ መስታወት ነው። ብየዳውም ላሜራው በሙቀት እንዳይጣመም በነጥብ በነጥብ እየተፈራረቀ ይከናወናል፤ መስታወቱ ደጋግሞ ተሞክሮ በዙሪያው ያለው ክፍተት ወጥ እስኪሆን ድረስም ወደ ቀለም አይታለፍም።

መስታወቱን በልኩ ለማዘጋጀት መቁረጥ ቢያስፈልግ፣ ይህ የሚቻለው የፊት መስታወት ድርብ በመሆኑ ነው። ድርብ መስታወት፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤድዋር ቤኔዲክቱስ እ.ኤ.አ. በ1909 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ሐሳብ መሠረት፣ በሁለት መስታወቶች መካከል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለው፤ ቆራጩ ሁለቱንም ገጾች ከጫረና ከሰበረ በኋላ የመሐሉን ሽፋን በሙቀት አለስልሶ ይለያየዋል። ለበር መስታወት በብዛት የሚያገለግለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ግን ለመቁረጥ ቢሞከር እንዳለ ወደ ፍርፋሪ ይለወጣል።

በማጣበቂያው ደረጃ ንጽሕና ከሁሉ ይቀድማል። የመስታወቱም የላሜራውም ጠርዝ ከቅባትና ከአቧራ ጸድቶ ለየብቻው የተዘጋጀ ፕራይመር፣ ማለትም ማጣበቂያው አጥብቆ እንዲይዝ የሚረዳ ስስ ቅብ፣ ይቀባል፤ በመስታወቱ ዳር የሚታየው ጥቁር ቀለምም ዩሬቴኑን ከሚያበላሸው የፀሐይ ጨረር ይከላከላል። ማጣበቂያው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይዞ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ከፈሰሰ በኋላ መስታወቱ በቫኪዩም መያዣዎች ተነስቶ በትናንሽ የጎማ መደገፊያዎች ላይ ያርፋል፤ እንዳይንሸራተትም በፕላስተር ይያዛል። ዩሬቴን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለሚደርቅ ጊዜው እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ይለያያል፤ እስኪደርቅም በሮቹ ሲዘጉ የሚፈጠረው የአየር ግፊት ገና ለስላሳ የሆነውን ማጣበቂያ እንዳይገፋው የበር መስታወቶች ክፍት ይተዋሉ።

ከዚህ በኋላ መስታወቱ የጋቢናው አካል ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ይህም ጥቅሙም ዕዳውም ነው። ጋቢናውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ጎማዎች ያረጁ ከሆነ ወይም ምሰሶዎቹ በዝገት የደከሙ ከሆነ፣ ቀድሞ የመስታወቱ ጎማ ይችለው የነበረው ንቅናቄ በቀጥታ ወደ መስታወቱ ተሻግሮ ሊሰነጥቀው ይችላል። የዝናብ መጥረጊያዎቹም አዲሱን የመስታወት አቀማመጥ ተከትለው መስተካከል ይኖርባቸዋል፤ መስታወቱ ቢሰበር ደግሞ ማጣበቂያውን በሽቦ ወይም በቢላ ቆርጦ ማውጣት፣ ምናልባትም በልኩ የተቆረጠ ሌላ መስታወት ማዘጋጀት ግድ ይላል። ስለሆነም ሥራው የሚመከረው ጋቢናው በቅድሚያ ከዝገት ለጸዳና ለተጠናከረ ፒክአፕ ነው፤ ያረጀ ጎማ የሚያፈሰውን ውሃ ለማስቆም ብቻ ለሚፈልግ ባለንብረት ግን ዝገቱን ጠግኖ አዲስ ጎማ ማስገባት ርካሹም ቀላሉም መንገድ ነው።