ስድስት ወንበር፣ አራት ድምፅ፦ የአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን

የአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ስሙ ከሥራው ይሰፋል። ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በተለየ መራጭ አይመዘግብም፤ ድምፅም አይቆጥርም። ያ የየግዛቱና የየካውንቲው ሥራ ነው። በዋሽንግተን የተቀመጠው ይህ መሥሪያ ቤት የሚከታተለው ገንዘቡን ነው፦ ለፕሬዚዳንትነት፣ ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደሩ እጩዎች ከማን ስንት ተቀበሉ፣ ምን ላይስ አዋሉት?

ለመቋቋሙ ምክንያት የሆነው የዋተርጌት ቅሌት ነው። የፕሬዚዳንት ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ በስውር ያንቀሳቀሰው ገንዘብ ሲጋለጥ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕጉን አጠበቀ፤ ኮሚሽኑም በ1975 ሥራ ጀመረ። ሕግ አውጪዎቹን አንድ ስጋት ይዟቸው ነበር። ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ መሥሪያ ቤቱን ተቀናቃኞቹን ማሳደጃ ቢያደርገውስ? ስለዚህ ስድስት ኮሚሽነሮች እንዲኖሩት፣ ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ እንዳይሆኑ፣ ዋና ዋና ውሳኔዎችም በአራት ድምፅ እንዲያልፉ ደነገጉ። ሦስት ለሦስት ከተከፈሉ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም።

ሕጉ ገና ሥራ ከመጀመሩ የኒው ዮርኩ ሴናተር ጄምስ በክሊና ሌሎች ፍርድ ቤት ወሰዱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1976 የሰጠው ውሳኔ እስከ ዛሬ የክርክሩ ሁሉ ምንጭ ነው። ለእጩ የሚሰጥ ገንዘብ ውለታ መግዣ ሊሆን ስለሚችል ጣሪያ ይበጅለት አለ። ለቅስቀሳ የሚወጣ ወጪ ግን ከመናገር ነጻነት ጋር የተያያዘ ነውና ሊገደብ አይገባም አለ። ሰጪው ተገደበ፣ አውጪው ተለቀቀ። በዚያው ውሳኔ ኮንግረስ ራሱ ኮሚሽነር መሾሙ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ስለተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ስድስቱንም ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል።

በ1976 የተከፈተው ቀዳዳ በ2010 በር ሆነ። ሲቲዝንስ ዩናይትድ የተባለ ድርጅት ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ ፊልም ሠርቶ በ2008ቱ ፉክክር ወቅት ለማሠራጨት ቢነሣ ሕጉ ከለከለው። ኮሚሽኑን ከሰሰ፤ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ረታ። ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም ራሳቸውን ችለው ለቅስቀሳ የሚያወጡት ገንዘብ ሊገደብ አይችልም ተባለ። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ራሱን ችሎ ብቻ ወጪ የሚያደርግ ቡድን ያለ ጣሪያ መቀበል ይችላል ብሎ ፈረደ። ዛሬ ሱፐር ፓክ የሚባለው የተፈጠረው እንዲህ ነው። ዋናው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ ከእጩው ጋር ተመካክሮ ገንዘብ ማውጣት አይችልም።

መመካከር አለመመካከሩን የሚመረምሩት ደግሞ እነዚያው ስድስት ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ ነው መሥሪያ ቤቱ የሚያሳዝነኝ። ለአሠራሩ የሚከራከሩ ወገኖች ሁለቱም ፓርቲዎች ሳይስማሙ ማንም ዜጋ በፖለቲካ እንቅስቃሴው ሊቀጣ አይገባም ይላሉ፤ ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን የ1974ቱ ሰዎች ጥርሱን ለሚያሾል ኮሚሽን ሲጠነቀቁ፣ ለሚተኛው አልተጠነቀቁም። ለቅጣት የተቀመጠው ይርጋ አምስት ዓመት ነው፤ ኮሚሽነሮቹ ሲጓተቱ ጊዜው ይሮጣል። ይባስ ብሎ አራት ሰው ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤ የለም። ኮሚሽኑ ከነሐሴ 2019 መጨረሻ ጀምሮ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫውን ዘመቻ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምልዓተ ጉባኤ አሳለፈ። በ2025ም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከ2002 ጀምሮ ያገለገሉትን ኮሚሽነር ኤለን ዋይንትራብን ሲያሰናብቱ፣ ሌሎችም ሲለቁ፣ ከግንቦት መግቢያ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ አጣ። እንዲህ ሲሆን አቤቱታ ላይ መወሰን፣ አዲስ ደንብ ማውጣት፣ ለጠየቀ ሕጋዊ አስተያየት መስጠት ሁሉ ይቆማል።

የማይቆመው መዝገቡ ነው፤ ለእኔ የኮሚሽኑ ታላቅ ሥራም ይኸው ነው። በምርጫ ዘመኑ ለአንድ እጩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ሊያየው ይችላል።

በአሜሪካ ያለ አበሻ ይህን ሕግ ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል። ባለ ግሪን ካርድ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ገንዘብ መስጠት ግን ይችላል። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው በነጻ ከማገልገል በቀር ሳንቲም ማዋጣት አይፈቀድለትም። ለ2025 እና 2026 አንድ ሰው ለአንድ እጩ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ምርጫ እስከ 3,500 ዶላር ነው፤ የፓርቲው የውስጥ ምርጫና ጠቅላላው ምርጫ ለየብቻ ይቆጠራሉ። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ከ100 ዶላር አይበልጥም። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የለመድነው የመዋጮ ባህል ነው። ለለቅሶ ወይም ለሠርግ እንደምናደርገው ከብዙ ሰው ሰብስቦ አንዱ በራሱ ስም ቼክ ቢጽፍ፣ ሕጉ በሌላ ሰው ስም የተሰጠ ገንዘብ ብሎ በወንጀል ሊያስጠይቀው ይችላል። እያንዳንዱ ሰጪ ከገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ስሙ ይስጥ።