የነፋስ ወፍጮው ዜማ ከየት መጣ?

ካካሪኮ በምትባል መንደር አንድ የነፋስ ወፍጮ አለ። ወፍጮው ውስጥ የሙዚቃ ሣጥን የሚያሽከረክር ሰው ቆሟል፤ ተናዷል። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ኦካሪና ይዞ መጥቶ እንግዳ ዜማ ቢጫወት ወፍጮው ከልክ በላይ እንደፈጠነ፣ ያንን ዜማ እስከ ዛሬ እንዳልረሳው ይናገራል። ፊቱ የቆመው ወጣት ሊንክ ይባላል። ሊንክ ኦካሪናውን ሲያወጣ ሰውየው ዜማውን ያሰማዋል፣ ሊንክም ይማረዋል። ከዚያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ልጅ ሆኖ፣ እዚያው ወፍጮ ይገባና ያንኑ ዜማ ይጫወታል። ወፍጮው ይፈጥናል፣ የመንደሩ ጉድጓድ ውሃ ይደርቃል፣ ሰውየውም ይናደዳል።

ታዲያ ዜማውን ማን ደረሰው? ሊንክ ከሰውየው ተማረ፤ ሰውየው ከሊንክ ሰማ። በመካከላቸው ቁጭ ብሎ የደረሰው የለም።

ይህ ታሪክ ያለው ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ለኔንቴንዶ 64 ባወጣው “ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦቭ ታይም” ውስጥ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሺጌሩ ሚያሞቶ ነበር፤ የወፍጮውን ዜማ ጨምሮ ሙዚቃውን የሠራው ኮጂ ኮንዶ ነው። ከኔንቴንዶ 64 ጋር ያደገ ሰው ያንን ዜማ ሁለት ድምፅ ሲሰማ ሦስተኛውን ራሱ ይጨርሰዋል። እኔ ግን ከዜማው ይልቅ ጥያቄው ነው የያዘኝ። ምክንያቱም ጨዋታው ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጥና፣ ትንሽ ቆይቶ የዚያን ተቃራኒ ያደርጋል፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ሌላ መንገድ ይይዛል።

ላልተጫወተው አንባቢ ዋናውን ልንገር። ልጁ ሊንክ በጊዜ ቤተ መቅደስ የተተከለውን ማስተር ሶርድ የተባለ ሰይፍ ይነቅላል። ለሰይፉ ዕድሜው ስላልደረሰ መንፈሱ ታሽጎ ሰባት ዓመት ይተኛል። በዚህ መሐል ክፉው ጋኖንዶርፍ ወደ ቅዱሱ ሥፍራ ገብቶ የሃይሩልን ምድር ያጠፋታል። ሊንክ ጎልማሳ ሆኖ ይነቃል። ሰይፉን ወደ ቦታው ሲመልስ ልጅ ይሆናል፣ እንደገና ሲነቅል ጎልማሳ ይሆናል። ጨዋታው እንግዲህ ከዚህ ወዲያ በሁለቱ ዘመናት መካከል መመላለስ ነው።

አሁን ባቄላውን እንይ። ልጁ ሊንክ ከአንድ ሻጭ አስማተኛ ባቄላ ይገዛል። የመጀመሪያው ፍሬ 10 ሩፒ (የጨዋታው ገንዘብ) ነው፤ በየግዢው 10 እየጨመረ አሥረኛው 100 ሩፒ ይደርሳል። ባቄላውን ለስላሳ አፈር ላይ ከተከለ፣ ጎልማሳው ሊንክ ወደዚያው ሲመጣ ተሳፍሮ የሚበርበት ትልቅ ቅጠል ያገኛል። ቀላልና ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ጎልማሳው ሊንክ አስቀድሞ ወደ ሥፍራው ሄዶ ምንም ተክል እንደሌለ በዓይኑ ማየት ይችላል። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ተመልሶ ይተክላል፤ ዳግመኛ ጎልማሳ ሆኖ ሲመጣ ቅጠሉ አለ። ባዶ ሆኖ ያየው መሬት አሁን ሰባት ዓመት ያደገ ተክል በቅሎበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ያለፈው ጊዜ ይለወጣል።

ወፍጮው ውስጥ ግን አይለወጥም። ሰውየው የተናደደው ሊንክ ገና ወደ ኋላ ሳይመለስና ዜማውን በልጅነቱ ሳይጫወት ነው። ሊንክ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ቀድሞም ሆኖ ያለፈ ነው፤ እሱ የሚፈጽመው በታሪክ የተጻፈውን ብቻ ነው። በባቄላው ሕግ ቢሄድ ኖሮ ሰውየው መጀመሪያ ላይ ምንም የማያስታውስ፣ ወፍጮውን በሰላም የሚያሽከረክር ሰው መሆን ነበረበት። በወፍጮው ሕግ ቢሄድ ደግሞ ባቄላው የሚተከል ከሆነ ጎልማሳው ሊንክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅጠሉን ማየት ነበረበት። ሁለቱ ሕጎች በአንድ ዓለም አብረው መኖር አይችሉም።

ፈላስፋው ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ስለ ጊዜ ጉዞ ተቃርኖዎች የሚያወራ ጽሑፍ የወፍጮውን ዓይነት ክብ ታሪክ ይከላከልለታል። የክቡ እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው፣ ክቡ በሙሉ ግን ምክንያት የለውም፤ ይህ እንግዳ ነገር ነው እንጂ የማይቻል አይደለም ይላል። ምክንያቱ የማይገለጽ ነገር ሌላም እንዳለ፣ ለምሳሌ የዓለም አጀማመር እንደዚያ መሆኑን ብዙ ሰው ያለ ችግር እንደሚቀበል ያስታውሳል። ለእኔ ይህ መልስ ያሳምነኛል፤ ዜማው ያለ ደራሲ ቢኖር አመክንዮ አይፈርስም። ሉዊስ በጥብቅ የሚከለክለው ግን ያለፈውን መለወጥ ነው፤ ባቄላው የሚያደርገውም በትክክል ያንን ነው።

ይህ ተቃርኖ እንዴት በአንድ ጨዋታ ውስጥ ሊገባ ቻለ? መልሱ ያለው ማሽኑ ነገሮችን በሚይዝበት መንገድ ነው። የጨዋታው ካርትሪጅ 32 ሜጋባይት ነበር። ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያስቀምጥበት ማህደረ ትውስታ ደግሞ 32 ኪሎባይት ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት የተጫዋች መዝገቦችና የእያንዳንዳቸው መጠባበቂያ ቅጂ ይቀመጣሉ። በዚህ ጠባብ ቦታ የሁለት ዘመን ታሪክ ለየብቻ አልተያዘም። የተያዘው አንድ መዝገብ ነው፤ የሊንክ ዕድሜም በመዝገቡ ላይ ካሉት ብዙ መስመሮች አንዱ ነው። አባትና ልጅ በአንድ ስም ዱቤ የሚወስዱበትን የሱቅ ደብተር አስቡ፤ የመጣው አባትም ይሁን ልጅ የሚጻፈው በዚያው ገጽ ነው፣ አባት ሲከፍልም የልጁ ዕዳ አብሮ ይሰረዛል።

ጨዋታው ብዙዎቹን ሥፍራዎች በአራት መልክ ያሰናዳል፤ የልጅነት ቀንና ሌሊት፣ የጎልማሳነት ቀንና ሌሊት። ሊንክ አንድ ቦታ ሲገባ ማሽኑ ዕድሜውንና ሰዓቱን አይቶ ተገቢውን መልክ ያወጣል። በመካከል ሰባት ዓመት የሚያሰላ ነገር የለም። ባቄላው ሲተከል “እዚህ ተተክሏል” የሚል አንድ ምልክት በመዝገቡ ይቀመጣል፤ የጎልማሳነቱ መልክ ሲወጣ ምልክቱን ያይና ቅጠሉን ያሳያል። የሰባት ዓመት ዕድገት ማለት ይኸው ነው።

መዝገቡ አንድ በመሆኑ ጊዜ ወደ ኋላም ይፈሳል። ጎልማሳው ሊንክ በካካሪኮ መቃብር ሥር ያለውን የጋሻ ሣጥን ከፍቶ ባዶ ካደረገው፣ ወደ ልጅነቱ ሲመለስ ሣጥኑ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ማለትም ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚከፈት ሣጥን ቀድሞ ባዶ ሆኗል። በዚያው መንደር በእርግማን ወደ ሸረሪትነት የተለወጠ ቤተሰብ አለ። ሊንክ የወርቅ ሸረሪቶችን እየገደለ የሚሰበስበው ምልክት በጨመረ ቁጥር የቤተሰቡ አባላት አንድ በአንድ ይፈወሳሉ። ቆጠራው አንድ ስለሆነ በጎልማሳነቱ ያስፈወሳቸውን ሰዎች በልጅነቱ ዘመንም ተፈውሰው ያገኛቸዋል። የሊንክ ሕይወት የሚለካባቸው ልቦችም እንዲሁ ናቸው። ተጫዋቹ በ3 ልብ ይጀምራል፤ ከታላላቅ ጭራቆች 8፣ ከ36 ቁርጥራጮች 9 ሲጨመር 20 ይሆናል። ጎልማሳው ያገኘው ልብ በልጁ ደረት ውስጥ አለ።

ወደ ወፍጮው ስንመለስ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን። የተናደደው ሰው የሚናገረው በጎልማሳነቱ መልክ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ንግግር ነው። ማሽኑ ዜማውን ከማስተማሩ በፊት ልጁ ወፍጮው ውስጥ ተጫውቶ እንደሆነ መዝገቡን አይጠይቅም። ተጫዋቹ ዜማውን ከተማረ በኋላ ወደ ኋላ ሳይመለስ ሌላ ሥራ ላይ ቢቆይ፣ ያልተፈጸመው ድርጊት ትዝታ በሰውየው አእምሮ እንዳለ ይኖራል። በጨዋታው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የጸና የሚመስለው ታሪክ ማሽኑ ጨርሶ የማይቆጣጠረው ነው። ክቡን ክብ የሚያደርገው ተጫዋቹ ነው፤ የሰማውን አስታውሶ ተመልሶ ሲጫወት።

ስለዚህ የሁለቱን ሕጎች ተቃርኖ ስህተት ነው ብዬ አልፈርድም። ባቄላው የአትክልተኛ ደስታ ይሰጣል፤ የተከልከውን ታያለህ፣ ትሳፈርበታለህ። ወፍጮው ደግሞ ልብ የሚያስደነግጥ ግኝት ይሰጣል፤ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ ያሰኛል። ሠሪዎቹ በየእንቆቅልሹ የሚሻለውን ሕግ መረጡ። ዋጋውን የከፈለው የዓለሙ ወጥነት ነው። አንዳንድ ቦታ ዋጋው ከፍ ይላል። ለምሳሌ ሊንክ ሰይፉን ሲነቅል ጋኖንዶርፍ ወደ ቅዱሱ ሥፍራ ገብቷል፣ ልዕልት ዜልዳም አስቀድማ ከቤተ መንግሥቱ ሸሽታለች። ልጁ ሲመለስ ግን የቤተ መንግሥቱ ከተማ ገበያ እንደ ወትሮው ይጫወታል፣ ይጨፍራል። የልጅነቱ መልክ ሰይፉ ከመነቀሉ በፊትም በኋላም አንድ ስለሆነ ሐዘኑ ሊገባበት አልቻለም። ይህ ለእኔ ከባቄላውም ከሣጥኑም የከፋ ጉድለት ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው የሰዎቹን ስሜት ነው።

ኔንቴንዶ ነገሩን እንዳስተዋለው የሚያሳየው ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዜልዳ ጨዋታ “ማጆራስ ማስክ” ነው። እዚያ ሦስት ቀን አልፎ ሊንክ ወደ መጀመሪያው ቀን ንጋት ሲመለስ፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ሁሉ ይጠፋል፤ ሰዎች የተደረገላቸውን ይረሳሉ። ባንክ ያስቀመጠው ግን አይጠፋም። ባንኩ ቀኑ ወደ ኋላ ሲመለስ እንዴት ያስታውሳል? የባንኩ ሠራተኛ በሊንክ ሰውነት ላይ በማይታይ ቀለም ማህተም ይመታል፤ የሚጓዘው ሊንክ ስለሆነ ማህተሙም አብሮት ይጓዛል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥያቄውን እንዳሰበበት ትናገራለች።

ሦስተኛው ሕግ የሚመጣው በኦካሪና መጨረሻ ላይ ነው። ጋኖንዶርፍ ከታሸገ በኋላ ዜልዳ ኦካሪናውን ተጫውታ ሊንክን ወደ ልጅነቱ ትልከዋለች፣ ያጣውን ዕድሜ እንዲኖረው። በባቄላው ሕግ ቢሆን የጎልማሳነቱ ዓለም እዚያው ላይ መጥፋት ወይም መለወጥ ነበረበት። ነገር ግን የሠሪዎቹ ስም እያለፈ ሳለ፣ ሊንክ ከሄደ በኋላ የዚያ ዓለም ሰዎች በከብት እርባታው ግቢ ሲጨፍሩ እናያለን። ቀጥሎ ልጁ ሊንክ በቤተ መንግሥቱ አትክልት ሥፍራ ትንሿን ዜልዳን ያገኛታል። ሁለቱም ዓለማት ቀጥለዋል ማለት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ዴቪድ ዶይች እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ የጊዜ ጉዞን ተቃርኖ የፈታው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ወደ ኋላ የሄደ ሰው የሚደርሰው በሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው፣ የመጣበት ቅርንጫፍ ሳይነካ ይቀራል።

ኔንቴንዶም ይህንን ሕግ ይዞ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው “ዊንድ ዌከር” ጀግናው ትቶት ከሄደው ዓለም ይቀጥላል። “ማጆራስ ማስክ” እና እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው “ትዋይላይት ፕሪንሰስ” ደግሞ ልጁ ከተመለሰበት ዓለም ናቸው። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ፤ ሁለቱም ቅርንጫፎች በጨዋታው ማብቂያ ላይ በዓይን የታዩ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በጃፓን የታተመው “ሃይሩል ሂስቶሪያ” የተባለ መጽሐፍ ግን ሦስተኛ ቅርንጫፍ ጨመረ፤ ሊንክ በመጨረሻው ጦርነት የተሸነፈበት። የቆዩት ጨዋታዎች ቦታ እንዲያገኙ ተብሎ የተጨመረ ነው፣ በጨዋታው ውስጥ ግን ምንም መሠረት የለውም። ማንም በጊዜ አልተጓዘም፣ ኦካሪና አልተነፋም፣ ሰይፍ አልተመለሰም። ሽንፈት ብቻውን ዓለምን ለሁለት የሚከፍል ከሆነ፣ በየጨዋታው ሊንክ የወደቀበት እያንዳንዱ ውጊያ ሌላ ዓለም ሊወልድ ነው። ወፍጮውም፣ ባቄላውም፣ የዜልዳ ስንብትም እያንዳንዳቸው የሚጠብቁት ሕግ አላቸው፤ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ምንም ሕግ ስለሌለው አልቀበለውም።