ከውሃ በታች ስንጫወት



ባለፈው ሴሚስተር ከፈተና በኋላ ጥቂት ጓደኛሞች ወደ መዋኛ ገንዳ ሄደን ነበር። «ውሃ ውስጥ ብዙ የሚቆየው ማን ነው?» ብለን ተፎካከርን። አንዱ ጓደኛችን ደጋግሞ በጥልቀት ተነፈሰና ጠለቀ። ዝም ሲል ሊያሸንፈን መሰለን፤ ለካስ ራሱን ስቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ፈጥነን አወጣነውና ነቃ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ቀን ነው።

ምን ሆኖ ነው? ትንፋሽ ስንይዝ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። አስቀድመን ደጋግመን ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል፤ የኦክስጅኑ ክምችት ግን እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሰን ኦክስጅኑ ያልቅና ራሳችንን እንስታለን። ይህ ጎበዝ ዋናተኛንም፣ ጥልቀት በሌለው ገንዳም ያጋጥማል።

መፍትሔው ግን ጨዋታውን መተው ሳይሆን መለወጥ ነው። የሚከተሉትን ሞክረናቸዋል፦

አረፋ ማውጣት፦ ጀማሪ ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ቆሞ ፊቱን ይነክርና በአፍና በአፍንጫው ቀስ እያለ አየር ያስወጣል። አየር እየወጣ ውሃ ወደ አፍንጫ ስለማይገባ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

ቡና መጠጣት፦ ሁለት ሰዎች ገንዳው ወለል ላይ ተቀምጠው አንዱ «ይቀዳል»፣ ሌላው «ይጠጣል»። ሳንባው በአየር የተሞላ ሰው መቀመጥ አይችልም፤ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጥቂት አየር ሲያስወጣ ግን ሰውነቱ የሚይዘው ቦታ ይቀንስና ይሰጥማል። በክፍል የተማርነው የአርኪሜደስ ሕግ ይኸው ነው።

ቀለበት መልቀም፦ ወለሉ ላይ የተበተኑ ቀለበቶችን በአንድ ጥልቂያ አንድ ብቻ ማውጣት። በየ10 ሜትሩ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ግፊት ይጨመራል፤ 2 ሜትር ላይ እንኳ ጆሮ ይሰማዋል። ሕመም ሳይጀምር አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ይረዳል። እምቢ ካለ መውጣት እንጂ መታገል አያስፈልግም። ጉንፋን የያዘው አይጥለቅ።

ቀስት፦ ግድግዳውን በእግር ገፍቶ፣ ክንዶችን ከጆሮ ጋር አጣብቆ መንሸራተት። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ጭንቅላት ትንሽ ቀና ሲል እንኳ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

የውሃ ውስጥ ሆኪም አለ። በ1954 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ቡድን 6 ተጫዋቾች ገንዳ ውስጥ ይሰለፋሉ። እዚያ አንዱ ለመተንፈስ ሲወጣ ሌላው ይተካዋል። ትምህርቱም ይህ ነው፦ ብቻውን የሚያሸንፍ የለም።

ስለዚህ አራት ነገር እንስማማ፦

1. ሁለት ሁለት ሆነን እንጫወት፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ዓይኑን አይንቀል።
2. ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በጥልቀት መተንፈስ ይቅር፤ በየዙሩም መሃል እንረፍ።
3. የምንቆጥረው ቀለበት እንጂ ሰከንድ አይሁን።
4. ወለሉ በማይታይ ሐይቅና ወንዝ ሳይሆን፣ ጠባቂ ባለበት ገንዳ እንጫወት።

ያን ቀን ከመካከላችን አንዱ ወደ ታች ባያይ ኖሮ ይህን የምንጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። በሚቀጥለው ዋና ቀን ጓደኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ ሁላችንም አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን።