እየጠፋ የሚነሣ ሞተር፤ በአሮጌ ቮልስዋገን ላይ የቤንዚን እጥረት እንዴት እንደሚመረመር

ከቶ የማይነሣ መኪና መርማሪውን ብዙ አያስቸግርም፤ ጉድለቱ ባለበት ቆሞ ይጠብቀዋልና። አስቸጋሪው ሃያ ደቂቃ ያህል በደኅና ሄዶ በድንገት የሚጠፋው፣ ጥቂት ካረፈ በኋላም ምንም እንዳልነካው የሚነሣው ነው። እንዲህ ያለው መኪና ጋራዥ በደረሰ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል። መካኒኩም የሚያየው ጉድለት ስለሌለ በግምት ዛሬ ካንዴላውን፣ ነገ ቦቢናውን፣ በሳምንቱ ካርቡራተሩን ይለውጣል፤ ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ከወጣ በኋላ መኪናው እዚያው የቀድሞው መንገድ ላይ መልሶ ይጠፋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው፣ እንዲህ ያለው ጉድለት ዕቃ በመለዋወጥ ሳይሆን በጠፋበት ሰዓትና ስፍራ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ፣ በጥቂት ጥያቄዎች ሊያዝ የሚችል መሆኑን ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው በተለምዶ «ቮልስ» የምንላትን ትንሿን ቮልስዋገን ነው። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ፋብሪካ ተሠርታ ስትወጣ የተሠሩት ጠቅላላ ቍጥር ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ደርሶ ነበር። (ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት መኪናም ቮልስዋገን እንደ ነበረች አንባቢ ሳያውቅ አይቀርም።) ለእኛ ጉዳይ የጠቀመችን ግን በታሪኳ አይደለም፤ ካርቡራተር ያላትና ኮምፒዩተር የሌላት በመሆኗ፣ የቤንዚኑን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ለመመርመር ስለሚቻል ነው።

መንገዱም ይህ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የቤንዚን ታንኳ ግን ከፊት በኮፈኑ ሥር ስለ ሆነ፣ ቤንዚኑ በወለሏ መካከል በተዘረጋ ቀጭን የብረት ቱቦ እስከ ኋላ ይጓዛል። ከዚያ በአጭር የጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑ ይገባል። ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አይደለም፤ ሞተሩ ሲዞር አንድ አጭር ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ በፓምፑ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀሳቅሰዋል፤ ሽፋኑም እንደ ወናፍ ሆኖ ቤንዚኑን ከታንኩ ይስባል፣ ወደ ካርቡራተሩም ይገፋል። ካርቡራተሩ የመጣለትን ቤንዚን በቀጥታ ለሞተሩ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ከአንድ የቡና ስኒ እምብዛም በማይበልጥ ሳህን ውስጥ ያጠራቅመዋል። በሳህኑ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ሳህኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን ያዘጋል፣ ሲጎድል ወርዶ ያስከፍታል። ይህችን ትንሽ ሳህን አንባቢ ልብ ይበላት፤ ምርመራው ሁሉ የሚዞረው በእርሷ ላይ ነው።

ሞተሩ በጠፋ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የጎደለው ብልጭታ ነው ወይስ ቤንዚን? የሚለው ነው። (ከዚህም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ ወይ? የአሮጌ መኪና መለኪያ ስለማይታመን ንጹሕ ደረቅ እንጨት አግብቶ ማየት አያሳፍርም።) ይህን ለመለየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናዪቱን ከመንገድ አውጥቶ፣ ቁልፉን ዘግቶ፣ የአየር ማጣሪያውን ከካርቡራተሩ አፍ ላይ ማንሣት፣ የቤንዚን መስጫውንም ክንድ በእጅ ሳብ ማድረግ ነው። ሳህኑ ውስጥ ቤንዚን ካለ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ሲረጭ ይታያል። ጅረቱ ከታየ ሳህኑ አልደረቀም፤ ስለዚህ ወደ ብልጭታው ወገን ሄዶ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር፣ ወይም ክፍተቱ ከሚገባው ከ0.4 ሚሊ ሜትር የተዛነፈ ፑንቲና መፈለግ ይገባል። ጅረቱ ካልታየ ግን ሳህኑ ደርቋል፤ በዚህ ጊዜ ቦቢና መለወጥ ገንዘብን መጣል ነው። ጅረቷን የምትረጨው ትንሽ ፓምፕ ራሷ ልትበላሽ ስለምትችል፣ መኪናዪቱ ደኅና በሆነች ጊዜ አንድ ቀን ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በአጠገብ እንዳይቆም።

ሳህኑ ስለ ምን ደረቀ? ከማለታችን በፊት ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። በከተማ ውስጥ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፣ በ100 ኪሎ ሜትርም 10 ሊትር የምትፈጅ ቮልስ በሰዓት 2.5 ሊትር ትጠጣለች፤ ይኸውም በደቂቃ 42 ሳንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህችው መኪና በአውራ ጎዳና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደች 9 ሊትር ብትፈጅ በደቂቃ 120 ትፈልጋለች፤ በዳገት ከዚህም ይበልጣል። ፋብሪካው ከ1300 እስከ 1600 ላሉት ሞተሮች ያወጣው የፓምፕ መጠን፣ ሞተሩ በብርቱ ሲዞር፣ በደቂቃ 400 ያህል ስለ ሆነ ደኅና ፓምፕ ትርፉ ብዙ ነው። ነገር ግን መንገዱ በዝገት ጠቦ የሚያሳልፈው 100 ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ መኪናዪቱ በከተማ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ነቀፋ ትመላለሳለች፤ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣች ቀን ግን ሳህኗ በየደቂቃው 20 እየጎደለባት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትጠፋለች። ጋራዡ «ደኅና ናት» ብሎ ሲመልሳት ውሸት አልተናገረም፤ የመረመራት በ42 እንጂ በ120 አይደለምና።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከምን ያህል ዕረፍት በኋላ፣ ምንስ ሲደረግላት ተነሣች? የሚለው ነው። ቤንዚን ከታንኩ በወጣ መጠን አየር ሊተካው ይገባል። የታንኩ መተንፈሻ በአቧራ ወይም የሌላ መኪና ክዳን በመግጠሙ የተዘጋ እንደ ሆነ በውስጡ ያለው አየር እየሳሳ ይሄድና ፓምፑ ለመሳብ ያቅተዋል። እንዲህ ከሆነ በጠፋችበት ሰዓት ክዳኑ ሲከፈት አየር «ፍሽ» ብሎ ሲገባ ይሰማል፤ መኪናዪቱም ሳትዘገይ ትነሣለች። ይህን ጉድለት ለማዳን የሚያስፈልገው ገንዘብ ከሁሉ ያነሰ ሲሆን፣ የሚፈለገው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁሉ በኋላ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት ለውጥ ካልመጣ፣ የዝገት ነገር ይጠረጠራል። ብዙ ቆማ የኖረች መኪና ታንክ ውስጡ ይዝጋል። ፓምፑ በሚስብበት ጊዜ የዝገቱ ቅርፊት ተጎትቶ በታንኩ መውጫ ወንፊት ላይ ይለጠፋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ መሳቡ ሲቀር ቅርፊቱ ወደ ታንኩ ወለል ይመለሳል፤ መንገዱም ይከፈታል። ከመካከላችን የአንዱ መኪና ይህ ነበረባት። ታንኩ ከግማሽ በላይ በተሞላ ጊዜ ቱቦው ከፓምፑ ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ሊወርድ ይገባዋል፤ የእርሷ ግን እንደ ጠፋች ወዲያው ሲሞከር ጠብ ጠብ አለ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ በደኅና ወረደ። ከዚህ በኋላ ፓምፑም ካርቡራተሩም ሳይነካ ታንኩ ወርዶ ታጠበ፤ የወጣው ቀይ ዝቃጭ እፍኝ ይሞላ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ቤንዚን በፓምፑ ወይም በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ተን የሆነ እንደ ሆነ፣ ፓምፑ ተኑን ይጨምቀዋል እንጂ ሊገፋው አይችልም። የአየር ግፊት በአነሰ ቍጥር ፈሳሽ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ የእኛ ደጋ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ስፍራ የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ ሞተሩ በሸክምና በቈላው ሙቀት እየጋለ፣ ጕዞው በዝቅተኛ ማርሽ ሆኖ፣ የአየሩም ግፊት በየመታጠፊያው እየቀነሰ ይሄዳል። ፈተናው ቀላል ነው፤ በውሃ የተነከረ ጨርቅ በፓምፑ ላይ ይደረጋል። ሲቀዘቅዝ ከተነሣች ምክንያቱ ተን ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ በፓምፑና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ሙቀት መከልከያ ማየት ያሻል፤ በቀድሞ ጥገና ተጥሎ የቀረ እንደ ሆነ ፓምፑ በጋለ ብረት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ያለ መከልከያው ደግሞ የዘንጉ ልክ ስለሚዛባ ሽፋኑም ይጎዳል። የተቀደደ ሽፋን ቤንዚኑን ወደ ሞተር ዘይት ያፈስሰዋል፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥቶ ማሽተት ይህን ይገልጣል።

በክረምት የሚደርሰው ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጧት፣ አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን፣ የሚተነው ቤንዚን የካርቡራተሩን ጉሮሮ እጅግ ስለሚያቀዘቅዘው በዚያ በረዶ ይሠራል። መኪናዪቱ እግር ከቤንዚን መስጫው ላይ ሲነሣ ትጠፋለች፤ ጥቂት ቆይቶ በረዶው ሲቀልጥ ምልክት አይተውም። ፋብሪካው ይህን ለመከልከል ከካርቡራተሩ ሥር በጭስ የሚሞቅ ቱቦ አድርጎላት ነበር፤ በአሮጌዎቹ ላይ ግን በጥቀርሻ ተደፍኖ ይገኛል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቱቦው በእጅ የሚያዝ ከሆነ ተደፍኗል። በበጋም ሆነ በክረምት በሚኒሞ ብቻ የምትጠፋ፣ ቤንዚን ሲሰጣት ግን በደኅና የምትሄድ እንደ ሆነ፣ በኋለኞቹ ካርቡራተሮች ላይ ያለችው የኤሌክትሪክ መዝጊያ ሽቦዋ ላልቶ ይሆናል።

ካንዴላ ማየትም ይረዳል፤ ነገር ግን በደጋ አገር በጥንቃቄ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ለባሕር ጠረፍ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ካንዴላ ስላየን ብቻ የቤንዚን እጥረት የለም ለማለት አንችልም፤ እጥረቱ የሚመጣው በዳገት ለጥቂት ደቂቃ፣ ጥቍረቱ የሚጠራቀመው በከተማ ቀኑን ሙሉ ነውና።

ስለ ማጣሪያ የምንናገረው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ስላለበት ነው። ቤንዚን ጎደለ ሲባል በፓምፑና በካርቡራተሩ መካከል የላስቲክ ማጣሪያ መጨመር የተለመደ ነው። በዚያ ስፍራ ግን ማጣሪያው ከጋለው ሞተር በላይ ተንጠልጥሎ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደቱም ወደ ካርቡራተሩ በመጫን ብቻ የገባችውን የነሐስ መግቢያ ቱቦ ቀስ በቀስ ያላላታል። ያቺ የወጣች ቀን ፓምፑ ቤንዚኑን በብልጭታ ማከፋፈያው አጠገብ ይረጨዋል። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ራሱ ከተቀጣጠለ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የዱቄት ማጥፊያ የሚረዳው ቤንዚኑ ብቻ በሚነድበት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ማጣሪያ የሚገባው ከፓምፑ በፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ የብረቱ ቱቦ ከወለሉ በሚወጣበት በማርሽ ሳጥኑ አጠገብ ነው። የነሐሷን ቱቦ በጣት ነቅንቆ ማየት፣ የጎማ ቱቦዎቹንም አጥፎ ስንጥቅ መፈለግ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም።